የጎረቤትን ቋንቋና ታሪክ ስለ ማስተማር

በአገራችን ስለ ትምህርት ከሚነሡት ክርክሮች ሁሉ የበረታውና የቈየው፥ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ የማን ቋንቋ፥ የማን ታሪክና የማን ልማድ ይግባ የሚለው ነው። ይህ ክርክር በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲሄድ ያገኘዋል፤ መምህር መጽሐፉን ሲገልጥ ያገኘዋል፤ ሹምም በሚያስተዳድረው አገር የትምህርት ቤት በር በጠብ ምክንያት ሲዘጋ ያገኘዋል። ስለዚህ ከዚህ በፊት ምን እንደ ተደረገ፥ ምንስ እንደ ቀረ በቅደም ተከተል መመልከት የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፥ የዛሬውን ዐምድ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ተከራካሪዎቹ በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን፥ ብዙ ቋንቋና ብዙ ታሪክ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ አገር ይከፈላል፤ ልጆችም እርስ በርሳቸው የማይደማመጡ ይሆናሉ፤ ለሁሉም መጽሐፍ ማሳተምና መምህር ማሠልጠን ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን፥ ሕፃን በማይሰማው ቋንቋ ሲማር ከዕውቀት ይልቅ ፍርሃት ይማራል፤ የአባቶቹን ስም በመጽሐፍ ያላገኘ ልጅስ አገሪቱ የእርሱ እንደ ሆነች እንዴት አድርጎ ያምናል ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ልጅ የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም መማር የሚገባው መሆኑ ነው። እኛ እንደሚመስለን የአገራችን ሥርዓተ ትምህርት ጉድለት በዋናው ከዚህ ላይ ነው።

የቋንቋ ብዛት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነገሠው ዒዛና የድሉን ነገር በድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ፥ በግእዝና በግሪክ ቋንቋ፥ ግእዙንም ደግሞ በራሱ ፊደልና በሳባ ፊደል አስጽፎታል። የሚያነበው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ንጉሡ ዐውቆ ነበር ቢባል ስሕተት አይመስለንም።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ቢሆን እንዲሁ ነው። የመጽሐፉ ንባብ በግእዝ ሆኖ፥ የአንድምታው ትርጓሜ ግን ተማሪው በሚሰማው በአማርኛ ተነገረ። ቅኔው የዋድላ፥ የጎንጅና የዋሸራ ተብሎ በየቤቱ ሲለይ፥ ዜማውም የቤተልሔም፥ የቆማና የአጫብር ሲባል፥ ልዩነቱ ማኅሌቱን አላፈረሰውም። ከዚህም በላይ ልብ ማድረግ የሚገባን፥ የድሮው ተማሪ ከመንደሩ ሳይወጣ ሊቅ ለመሆን የማይችል መሆኑን ነው። ድጓውን ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፥ ቅዳሴውን ለማጽናት ወደ ደብረ ዓባይ እየተሻገረ፥ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቁራሽ እየለመነ ይማር ነበር። ከፊደሉ ጋር የሌላውን አገር ሰው ጠባይ፥ አነጋገርና ርኅራኄ ተምሮ ይመለስ ነበር። በወሎ፥ በጅማና በሐረርም የእስልምና መምህራን ቁርኣኑን በዐረብኛ እያስቀሩ፥ ምክሩንና መንዙማውን ግን በዐረብ ፊደል በአገሬው ቋንቋ እየጻፉ ለሕዝቡ አድርሰዋል። ኦነሲሞስ ነሲብም አስቴር ጋኖ እየረዳችው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1891 ዓ.ም. ገደማ ሲያሳትም፥ የጻፈበት ፊደል የግእዝ ፊደል ነበር።

ይህን ስንል የቀድሞው ትምህርት ለሁሉ የደረሰ ነበር ማለታችን አይደለም። የደረሰው ለጥቂቶች ነው። ዘመናዊው ትምህርት ሲጀመርም የጎረቤት ነገር ተረስቶ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስከፈቱት ትምህርት ቤት የመኳንንት ልጆች ፈረንሳይኛ፥ እንግሊዝኛ፥ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ይማሩ ነበር። የሩቁ አገር ቋንቋ ተመረጠ፤ ወደ ፊት ሄደው የሚያስተዳድሩት ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ግን በትምህርቱ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ጉዳዩን የባሰ አወሳሰበው። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በግፍ በያዘ ጊዜ፥ በ1928 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በየግዛቱ የሚሰጠው ትምህርት በየአካባቢው ቋንቋ እንዲሆን አዘዘ። ትእዛዙ የወጣው ሕዝቡን በነገድና በሃይማኖት ለያይቶ ለመግዛት ነው እንጂ ለሕፃናቱ በማዘን አይደለም። ከዚህ የተነሣ ጠላት ከወጣ በኋላ፥ ልጅን በእናቱ ቋንቋ ማስተማር የሚለው አሳብ በራሱ መልካም ሆኖ ሳለ በብዙ ሰዎች ዘንድ የጠላት ሽታ ያለበት ሆኖ ታየ። አንድ መልካም ነገር በክፉ እጅ ተይዞ ስለ ታየ ብቻ ለብዙ ዘመን መጠርጠሩ የሚያሳዝን ነው።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት የአገሪቱን አንድነት ለማጽናት ሲል አማርኛን አስፋፋ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛ የመንግሥቱ ቋንቋ መሆኑን ደነገገ፤ በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሁሉ በአማርኛ እንዲሰጥ ተደረገ። በዚህም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ በመላው አገር ተስፋፋ፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን በቤቱ ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚናገር የሰባት ዓመት ሕፃን ሒሳቡንና ቋንቋውን ባንድ ቀን እንዲጀምር ተገደደ። ቋንቋው ስለ ከበደው ብቻ ደንቆሮ ተብሎ ከክፍል የወጣ ልጅ ብዙ ነው። አማርኛ የአፉ መፍቻ የሆነለት ልጅ ደግሞ፥ ሌላው ወደ እርሱ መጥቶለታልና፥ እርሱ ወደ ሌላው መሄድ እንዳለበት ሳይነገረው ቀረ።

አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፥ እስከ ፍጻሜው ድረስ በ15 የአገር ቋንቋዎች ሕዝቡን ፊደል አስቈጥሮአል፤ በተከታዩም ዓመት ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቶአል። የዚያ ዘመን ሌላው ሥራ ሁሉ የሚመሰገን ባይሆንም፥ ሽማግሌውና ባልቴቲቱ በገዛ ቋንቋቸው ስማቸውን መጻፍ ሲችሉ፥ ቋንቋቸው የሚጻፍና የሚነበብ መሆኑ ታወቀ።

ከዚህ በኋላ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በየብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአምስተኛው አንቀጽ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል ክብር እንዲኖራቸው ደንግጎአል። ዛሬ ከሰማንያ በላይ ከሆኑት የአገራችን ቋንቋዎች ብዙዎቹ በትምህርት ቤት ይሰማሉ። በአማራ ክልል ውስጥ እንኳ አገውኛው በአዊ፥ ኽምጣንኛው በዋግ ኽምራ፥ ኦሮምኛውም በከሚሴና በአካባቢዋ ትምህርት የሚሰጥባቸው ሆነዋል። ጥቅሙም በግምት የሚነገር ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናውና በ1999 ዓ.ም. የወጣው ጥናት፥ ስምንቱን ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በስምንተኛ ክፍል ፈተና በሒሳብና በሳይንስ ከሌሎቹ የተሻሉ መሆናቸውን ገልጦአል። እንግዲህ ወደ ኋላ እንመለስ የሚለው ሰው ይህን ማስረጃ ሊመልስ ይገባዋል።

ነገር ግን የ1986ቱ ፖሊሲ ሌላም ቃል ነበረው። አማርኛ የአገር መገናኛ ቋንቋ ሆኖ እንዲሰጥ፥ ከዚህም ጋር ተማሪው ለባህል ግንኙነት ቢያንስ አንድ የብሔረሰብ ቋንቋ መርጦ መማር እንዲችል ይል ነበር። የራስን ቋንቋ ማስተማሩ በየክልሉ በትጋት ተሠራ፤ የጎረቤቱን ማስተማሩ ግን ባብዛኛው በወረቀት ላይ ቀረ። የጎጃም ልጅ ኦሮምኛ ሳይሰማ፥ የወለጋ ልጅ አማርኛውን በሩቁ እየሰማ፥ የሁለቱም ልብ ግን በእንግሊዝኛ ላይ ሆኖ አደጉ። ቤት ለእያንዳንዱ ተሠራለት፤ ከቤት ወደ ቤት የሚያደርሰው መንገድ ግን አልተጠረገም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ የታየው ልጆቹ አድገው በዩኒቨርሲቲ ሲገናኙ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል በተነሣው ጠብ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው ተመለሱ። የጠቡ ምክንያት ብዙ ነውና ትምህርት ቤትን ብቻ መክሰስ አይገባም። ቢሆንም አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ወጣት፥ በአንድ ክፍል አብሮት የሚያድረውን ባልንጀራውን ሰላም የሚልበት ቃል ስንኳ ካላወቀ፥ ትምህርቱ ምን እንደ ጎደለው ልንጠይቅ ይገባናል። በዚያው ዓመት ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎች የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ትምህርት ብዙ ክርክር ያስነሣውም፥ አንዱ የሌላውን ታሪክ ከዚያ በፊት በደኅና ሰምቶት ስለማያውቅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ስለ ታሪክ ከተነሣ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል በትምህርት ቤት ሁሉ ይነገራል፤ መነገሩም የተገባ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፥ በ1887 ዓ.ም. በዚያው ንጉሠ ነገሥት ዘመን በወላይታ ብርቱ ጦርነት ተደርጎ ብዙ ሕዝብ አልቆአል፤ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦናም ተማርከዋል። የአንኮበር ልጅ የመጀመሪያውን ብቻ ያውቃል፤ የሶዶ ልጅ ግን ሁለቱንም ያውቃል፤ አንዱን ከመምህሩ፥ ሁለተኛውን በምድጃ ዳር ከአያቱ ሰምቶታል። መምህሩ ሁለተኛውን ዝም ቢል ልጁ መምህሩን አያምነውም፤ መምህሩን ካላመነ ደግሞ የዐድዋውን ነገር ሲነግረውም ይጠራጠረዋል። እንደዚሁም መጽሐፉ በደሉን ብቻ እየቈጠረ የጋራውን ድል የዘለለ እንደ ሆነ፥ ልጁ በገዛ አገሩ እንግዳ ሆኖ ያድጋል። የታሪክ መምህር ዳኛ ሆኖ እንዲፈርድ አንጠይቀውም፤ ነገር ግን ምስክር እንደ መሆኑ መጠን ያየውን አጕድሎ ሊናገር አይገባውም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ መጽሐፍ፥ ጎን ለጎን፥ በለዘበ ቃል ለአንኮበሩም ለሶዶውም ልጅ ቢነገሩ፥ የአንኮበሩ ልጅ የባልንጀራውን ኀዘን ያውቃል፤ የሶዶውም ልጅ ኀዘኑ የታወቀለት መሆኑን ዐውቆ በደስታው ይተባበራል።

ወላይታን ካነሣን ዘንድ ሹማምንት ሊረሱት የማይገባቸው ሌላ ነገር አለ። የወላይታ፥ የጋሞ፥ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች እጅግ የሚቀራረቡ መሆናቸውን የቋንቋ ሊቃውንት ያውቃሉ። ይህን መነሻ በማድረግ በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ አራቱን አንድ ያደረገ የመማሪያ መጽሐፍ በቢሮ ተዘጋጅቶ፥ ስሙም ከአራቱ ስም መነሻ ተውጣጥቶ «ወጋጎዳ» ተብሎ ወደ ትምህርት ቤቶች ተላከ። ወጪን ለመቀነስና ሕዝቡን ለማቀራረብ የታሰበ ነበር። ነገር ግን ሕዝቡን የጠየቀው አልነበረም። በሶዶ ተማሪው፥ መምህሩና ወላጁ ተቃወሙት፤ በሁከቱም የሰው ሕይወት ጠፋ፥ ብዙ ሰዎችም ታሰሩ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተነሣ፥ ወላይታም ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ለትምህርት በተጻፈ መጽሐፍ ምክንያት ልጆች ሞቱ ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው፥ በሊቃውንት ዘንድ ልክ የሆነ ነገር ስንኳ ቢሆን ባለቤቱ ሳይመከርበት በትእዛዝ ሲወርድ ጥፋት የሚሆን መሆኑን ነው። አንድነትን በትእዛዝ ማውረድ አይቻልም፤ ልዩነትንም እንዲሁ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፥ የጎረቤት ቋንቋ ለምርጫ የሚተው ሳይሆን እንደ ሒሳብ ሰዓት ተወስኖለት፥ መጽሐፍ ተዘጋጅቶለትና ፈተና ተደርጎበት ይሰጥ። በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ኦሮምኛ፥ ትግርኛ፥ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ መንገድ ከፍቶአል፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ልጅ ከአፍ መፍቻው ሌላ አንድ የአገር ቋንቋ እንዲማር አስቦአል። ቃሉ ስለዚህ አለ። የ1986ቱ ቃል የቀረው መምህር ስላልተዘጋጀለት ነውና፥ የአሁኑም እንደዚያው እንዳይቀር ሥራው ከመምህራን ኮሌጅ መጀመር አለበት። በኦሮሚያ የሠለጠነ መምህር ወደ ጎንደር፥ በጎንደር የሠለጠነውም ወደ ኦሮሚያ ሄዶ እንዲያስተምር በደመወዝና በመኖሪያ ቤት ቢደገፍ፥ ሁለት መልካም ነገር ባንድ ጊዜ ይገኛል፤ ልጆቹ ቋንቋውን ይማራሉ፥ መምህሩም አገሩን ያውቃል።

ይህ አይቻልም የሚል ሰው ቢኖር፥ በሰኞ ቀን ወደ ባቲ ገበያ ወርዶ ይመልከት። በዚያ አማራው፥ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ ፊደል ያልቈጠረው ነጋዴ በሦስት ቋንቋ ተከራክሮ ግመሉን ይሸጣል። የድሬ ዳዋ ሕፃንም በጎዳና ሲጫወት ኦሮምኛውን፥ ሶማሊኛውንና አማርኛውን ያቀላቅላል። ገበያ የቻለውን ትምህርት ቤት እንዴት ያቅተዋል?

ሁለተኛ፥ የጎረቤት ልማድ በበዓል ቀን ለጭፈራና ለልብስ ማሳያ ብቻ ሳይሆን ለዕውቀት ይግባ። የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትንና ጨረቃን እየተመለከቱ የፊቼ ጨምበላላን ቀን ይወስናሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ እየቈጠሩ አጽዋማትንና በዓላትን ያወጣሉ። እነዚህ ሁለቱ በአንድ የሒሳብ ትምህርት ጎን ለጎን ቢቀርቡ፥ የሲዳማው ልጅ የደብተራውን፥ የጎንደሩም ልጅ የሲዳማውን አዋቂ ያከብራል። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ስለ አፈር ጥበቃ በሚነገርበት ትምህርት ይግባ፤ አፈሩ በጎርፍ የሚታጠብበት የወሎ ገበሬ ልጅ ከዚያ የሚማረው ብዙ ነው። በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚረካከብበት የገዳ ሥርዓት ስለ መንግሥት አስተዳደር ሲነገር ይነገር። እንዲህ ሲሆን ልጁ ጎረቤቱን የሚያከብረው አክብር ስለ ተባለ ሳይሆን፥ ከእርሱ ያላወቀውን ነገር ስለ ተማረ ነው።

ሦስተኛ፥ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ስሙ የተጠራበት ሕዝብ ይየው። ሽማግሌው፥ ቄሱ፥ ሼኹና መምህሩ ተሰብስበው ያንብቡት፤ የማይስማሙበትንም ይናገሩ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ከወጋጎዳው ጥፋት ይልቅ ርካሽ ነው።

አሁን ለአንባቢዎቻችን አንድ የግል ቃል እንናገር። ስለ ቋንቋ በአደባባይ ከሚከራከሩት ሹማምንትና ምሁራን ብዙዎቹ፥ የገዛ ልጆቻቸውን እንግሊዝኛ ብቻ ወደሚነገርባቸው ትምህርት ቤቶች እንደሚልኩ የታወቀ ነው። አንዱ ስለ አማርኛ፥ አንዱ ስለ ኦሮምኛ፥ አንዱ ስለ ትግርኛ ተከራክሮ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ፥ ልጁ በሦስቱም መጻፍ የማይችል ሆኖ ያገኘዋል። ክርክሩ ከልብ ከሆነ፥ ማስረጃው በቤት ይጀምር። የልጁን የጎረቤት ቋንቋ መምህር ፈልጎ ያስጠና ሹም፥ ከመቶ ንግግር የበለጠ ትምህርት ሰጠ ማለት ነው።

ለካህናትም እንዲሁ። እናንተ ራሳችሁ ከአገር አገር ተሰዳችሁ፥ የማታውቁት ሰው ባጐረሳችሁ እንጀራ የተማራችሁ ናችሁ። ያንን ትምህርት የሰጣችሁ መምህር፥ አገርህ ወዴት ነው ብሎ ከደጁ አልመለሳችሁም። ዛሬ የአብነት ትምህርት ቤት ያላችሁ፥ ወንጌሉን አገሬው በሚሰማው ቋንቋ ለመተርጐም የሚችል ደቀ መዝሙር አስነሡ፤ በአማርኛ የቈየውን አንድምታ በሌላውም ቋንቋ ማድረስ የአባቶችን ሥራ መቀጠል ነው እንጂ መለወጥ አይደለም።

አንድ ልጅ የራሱን ቋንቋ ሲማር ማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ የጎረቤቱን ሲማር ከማን ጋር እንደሚኖር ያውቃል። እስከ ዛሬ የተደረገው ክርክር ከሁለቱ አንዱን ምረጡ የሚል ነበር። በያዝነው ዘመን ትምህርት ቤት የሚገቡት ሕፃናት ግን ወደ ፊት በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፥ በአንድ ሸንጎ ይቀመጣሉ። ሁለቱንም እንዲያውቁ ማድረግ የመንግሥት፥ የመምህርና የወላጅ ዕዳ ነው፤ ይህም ዕዳ የሚከፈለው በጉባኤ ቃል ሳይሆን በመጽሐፍ፥ በመምህርና በየዕለቱ የትምህርት ሰዓት ነው።